በወይንሸት ራጅ ላይ የወጣው ሰው

ሰው ሲሰበሰብና ጨዋታው ወደ መንፈስና ወደ ሙት ድምፅ ሲዞር፣ እኔ ዝም ብዬ ሻዬን የምጠጣ ነበርኩ፣ አልከራከርም፣ ግን ደግሞ አንዲቷንም አላምንም፣ እንዴትስ ልመን ወዳጄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ የሰውን ውስጥ በራጅ ሳይ የኖርኩ ሴት ነኝ፣ ደረቱንም፣ ዳሌውንም፣ ራሱንም አይቻለሁ፣ የተዋጠ ሳንቲም ሳይቀር አይቻለሁ፣ ሰይጣን ግን በፊልም ላይ ሲወጣ አላየሁም፣ እያልኩ በሆዴ እስቅ ነበር። ያንን አንድ ከሰዓት በኋላ ከሕይወቴ የሚያወጣልኝ ቢገኝ ዛሬም እስቅ ነበር፣ እመኑኝ።

ጊዜው የደርግ ዘመን ነው፣ የብሔራዊ ውትድርናው አፈሳ የጦፈበት፣ ወንድ ልጅ ያላት እናት ሁሉ በር በተንኳኳ ቁጥር የምትደነግጥበት፣ ከተማዋንም ያኔ ሀዋሳ ሳይሆን አዋሳ ነበር የምንላት። እኔ በአንዲት ትንሽ ሐኪም ቤት ራጅ አነሳለሁ። ከደብረ ብርሃን የመጣሁት እናታችን ካረፈች በኋላ ታናሽ ወንድሜን ደረጀን ይዤ ነው፣ ከእሱ በቀር የሥጋ ዘመድ የሚባል አልነበረኝም፣ እሱም ከእኔ በቀር፣ እቴቴ እያለ ነው የሚጠራኝ፣ ጎረምሳ ሆኖም፣ ጢም አውጥቶም እቴቴ ነኝ።

የምንኖረው ከወይንሸት ጋር ነበር። ወይንሸት ልብስ ሰፊ ናት፣ ቤት ኪራይ ለመጋራት ተገናኘንና ሳናስበው እህትማማች ሆንን፣ የእኔን ቀሚስ እሷ ትለብሳለች፣ የእሷን ነጠላ እኔ እደርባለሁ፣ ስታመም የምታስታምመኝ እሷ ናት። እሷም እንደ እኔ አንድ ወንድም ነበራት፣ ተፈራ ይባላል፣ ይርጋለም አጎቱ ዘንድ ሆኖ ይማራል፣ የደረጀ እኩያ ነው። እንግዲህ ሁለታችንም የምንሳሳለት አንድ አንድ ወንድም ነበረን ማለት ነው፣ ይቺን ነገር ያዙልኝ።

አፈሳው ሲበረታ ደረጀን ኮርኒስ ላይ ደበቅነው። ቀን ቀን ቆርቆሮው ሲግል እዚያ ላይ ይጠበሳል፣ ሲመሽ እናወርደዋለን፣ ይታጠባል፣ ይበላል፣ ትንሽ ይስቃል፣ ተመልሶ ይወጣል። «እቴቴ፣ እነዚያ ትልልቅ የሐይቁ አሞሮች፣ አባ ኮዳዎቹ፣ ጣራው ላይ ሲራመዱ እኮ አብዮት ጥበቃ በጫማው የወጣ ነው የሚመስለኝ፣ አንድ ቀን በድንጋጤ ኮርኒሱን ቀድጄ እላያችሁ ላይ እወድቃለሁ» ይለን ነበር፣ እኛም እንስቃለን፣ ምን እናድርግ፣ መሳቅ ነው። እዚያ ላይ ሰው መኖሩን የምናውቀው ሦስት ነን፣ እሱ፣ እኔ፣ ወይንሸት። እኔ ሥራ ስውል ውሃና ምግብ የምታቀብለው እሷ ናት፣ ሹራብም ይዛ ከሥሩ ቁጭ ብላ እየሠራች ታጫውተዋለች፣ ለማን ነው ስላት ለተፈራ አለችኝ፣ ወፍራም የሱፍ ሹራብ።

ከዚያ አንድ ማለዳ የቀበሌ ሰዎች መጡ። ቤት ሲፈትሹ አይታችሁ ከሆነ መጀመሪያ አልጋ ሥር ነው የሚያጎነብሱት፣ ቀጥሎ ጓዳ፣ ቀጥሎ ሽንት ቤት። እነዚህ ግን አልጋውን ዘወር ብለው አላዩትም። መሣሪያ የያዘው ሰውዬ ደጃፉን እንደገባ ቀና ብሎ ወደ ኮርኒሱ አየና፣ ረጋ ባለ ድምፅ፣ «ልጅ፣ ውረድ» አለ።

ወረደ።

ወይንሸት ያን ቀን መሬት ላይ ተንከባለለች፣ ከእኔ በላይ ነው ያለቀሰችው፣ ጎረቤት ሁሉ ያጽናና የነበረው እሷን ነው። ማታ ላይ ደግሞ ጆሮዬ ሥር ተጠግታ፣ «ጋሽ ላቀው ናቸው፣ ትናንት አጥሩን ተደግፈው ጣራችንን ሲያዩ አይቻቸዋለሁ፣ ሌላ ማንም አይደለም» አለችኝ። ጋሽ ላቀው አጠገባችን የሚኖሩ ሚስታቸው የሞተችባቸው ሽማግሌ ናቸው፣ እኔም አመንኳት፣ እሷን ካላመንኩ ማንን ላምን፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታቸውን ሳልመልስ አልፋቸው ነበር። ምልምሎቹን የጫነው መኪና ሲነሳ ወይንሸት ነጠላዋን ጥላ ሮጣ ያንን የሱፍ ሹራብ ለደረጀ ወረወረችለት፣ ሲቀልበው አየሁ፣ ወንድሜን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ያኔ ነው። ወደ ሰሜን ሄዱ ተባለ። ከዚያ በኋላ ወሬ የለም። ወይንሸትም ብቻዬን ማደር ስፈራ አልጋዬ ላይ እያቀፈችኝ ታድር ጀመር።

እንዲህ እያልን ክረምቱ አለፈ፣ ሌላ ክረምት ገባ። አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ።

የዝናብ ከሰዓት ነበር፣ ከሐይቁ የሚመጣው ንፋስ መስኮቱን ያንኳኳል፣ በሽተኛም ስለሌለ ሹራቤን ለብሼ ተቀምጫለሁ። አንድ ባለጋሪ ወይንሸትን ደግፎ ይዟት ገባ። ጋሪው ጭቃ ውስጥ ተገልብጦ ራሷን መትቷታል፣ ከጆሮዋ በላይ አብጧል፣ ግን ትሄዳለች፣ ትናገራለች። ተረኛው ሐኪም ኩባዊ ነበር፣ ያኔ እንደ እሱ ያሉ ብዙ ነበሩ፣ አያትና፣ አጥንት መሰንጠቁን ለማወቅ የራስ ራጅ ይነሳላት አለኝ።

ራስ ማንሳት እንደ ደረት አይደለም፣ እንዳይሰለቻችሁ በአጭሩ ልንገራችሁ። በሽተኛውን በደረቱ ታስተኙታላችሁ፣ ግንባሩና የአፍንጫው ጫፍ ጠረጴዛውን እንዲነካ ታደርጋላችሁ፣ አገጩን ወደ ደረቱ ሰብሰብ፣ ከዚያ በሁለት ጣት ጆሮዎቹን ይዛችሁ እኩል መሆናቸውን ታያላችሁ፣ ጥቂት ካዘነበለ አንደኛው የዓይን ጉድጓድ ሰፍቶ ሌላው ጠብቦ ይወጣል፣ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው። ራሱ እንዳይነቃነቅ በግራና በቀኝ አሸዋ የተሞላ ከረጢት ታስደግፋላችሁ። የጆሮ ጌጥ፣ የፀጉር ሽቦ፣ የአንገት ሐብል ይወልቃል፣ ብረት ነጭ ሆኖ ስለሚወጣ። ወይንሸትን እንደዚያው አደረግኩ፣ ሎቲዋን አወለቅኩ፣ ወፍራም ሹሩባ ነበራት፣ እሱን ወደ ጎን አመቻቸሁ፣ «አይዞሽ የኔ እህት፣ አሁን ያልቃል» አልኳት፣ ከእርሳሱ መከለያ ኋላ ሄጄ በትንሿ መስታወት እያየሁ፣ «ትንፋሽሽን ያዢ፣ እንዳትነቃነቂ» አልኩ።

ያዘች። ጀርባዋ ቀጥ አለ፣ አየሁት።

ግን የሚተነፍስ ሰው ሰማሁ።

ዝናቡ ነው እንዳልል ዝናቡ ከውጭ ነው፣ ይኼ ግን ከክፍሉ ውስጥ፣ ከጠረጴዛው አካባቢ የሚመጣ፣ ዝግ ያለ የወንድ ትንፋሽ ነው፣ አየሩን ወደ ውስጥ ሲስብ ደግሞ ቀጭን ፉጨት አለው። ጣቴ ማብሪያው ላይ ስለነበር ሳላስበው ተጫንኩት፣ ማሽኑ ጮኸ፣ አለቀ። «ወይንዬ፣ ተነፈስሽ እንዴ?» አልኳት። ፊቷ ወደ ታች እንደሆነ፣ «ኧረ አልተነፈስኩም፣ አንቺ ነሽ እንጂ እንደዚያ የምትተነፍሺው፣ ጉንፋን ያዘሽ እንዴ?» አለችኝ። የቧንቧ ድምፅ ይሆናል ብዬ ራሴን አባበልኩና፣ «በይ ተነሺና ቁጭ በይ፣ ፊልሙን አጥቤ ልምጣ» ብያት ፊልሙ ያለበትን ካሴት ይዤ ጨለማ ክፍል ገባሁ።

ጨለማ ክፍል ቀይ መብራት ብቻ ነው ያለው፣ ፊልም የሚታጠበው እዚያ ነው፣ ከማጠቢያው መድኃኒት ውስጥ ሥዕሉ ቀስ እያለ ይመጣል፣ እንደ ጉም ውስጥ ሰው። ያንን መምጣት ሁልጊዜ እወደው ነበር። ያን ቀን መጀመሪያ የመጣው የቅሉ ክብ ነው፣ ሰፊ ነው፣ ለወይንሸት ይሰፋል፣ ቀጥሎ መንጋጋው መጣ፣ የወንድ መንጋጋ ነው፣ በጎን በኩል መታየት የነበረበት የሹሩባው ጥላ ደግሞ የለም፣ ጭራሽ የለም። ቀጥሎ አፍንጫው መጣ፣ መሃሉ ወደ ግራ የተጣመመ። ፊልሙን ወደ ቀዩ መብራት አስጠጋሁት።

ከቅንድብ በላይ፣ በግንባራችን አጥንት ውስጥ፣ አየር የሞላባቸው ትንንሽ ክፍት ቦታዎች አሉን፣ ቅርጻቸው እንደ ጣት አሻራ ከሰው ሰው ይለያል፣ መንታ እንኳ አይመሳሰልም። የወንድሜን ግንባር አውቀዋለሁ። ኳስ ሲጫወት በክርን ተመትቶ አፍንጫው የተሰበረ ጊዜ ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ በስተግራ በኩል ሰፋ ብሎ እንደ ተዘረጋ ክንፍ፣ በስተቀኝ በኩል ባቄላ የምታህል። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ሲተኛ አፍንጫው በስሱ ያፏጭ ነበር።

ያን የድሮ ፊልም መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጬው ነበር፣ ከሄደ በኋላ እንደ ፎቶ አልፎ አልፎ አየዋለሁ። ከመድኃኒት ያወጣሁትን እያንጠባጠብኩ ሮጬ ሁለቱን መስኮቱ ላይ ጎን ለጎን ለጠፍኳቸው። ክንፉ ያው ነው፣ ባቄላዋ ያቺው ናት፣ የአፍንጫው ጥመት ያው ነው። የድሮ ፊልም በስህተት ካሴት ውስጥ ገብቶ ይሆናል እንዳልል የድሮው ይኸው በእጄ ነው፣ ደግሞም ልዩነት አለ። በአዲሱ ላይ፣ ከቀኝ ዓይኑ በላይ፣ ጠርዙ የተሸራረፈ፣ ጥፍር የሚያህል ነጭ ነገር አለ። እንደዚያ ያለ ነጭ አጥንት አይደለም። ብረት ነው። ከጦር ሜዳ በመጡ ቁስለኞች ላይ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ።

ወደ ራጁ ክፍል ተመለስኩ። ቁጭ በይ ያልኳት ወይንሸት አልተነሳችም፣ እንዳስተኛኋት ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፍታ ተኝታለች፣ እጆቿ የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨብጠዋል። እኔ በሩ ላይ ነኝ፣ ከእሷ ርቄ ቆሜያለሁ፣ ይኼን ልብ በሉልኝ።

«ጽጌ፣ እጅሽን አንሺልኝ በናትሽ» አለች በታፈነ ድምፅ፣ «ማጅራቴን ከበደኝ።»

«ወይንሸት፣ እኔ እዚህ በሩ ጋ ነኝ» አልኳት።

መላ ሰውነቷ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ራሷ ግን አይነቃነቅም፣ ይገባችኋል? ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፣ እግሯ ይንቀጠቀጣል፣ ራሷ ግን እኔ እንዳስተካከልኩት፣ ሁለቱ ጆሮዎቿ እኩል ሆነው፣ አንድ ነገር ይዞ እንደጫነው ቀጥ ብሏል። ያ የሚያፏጭ ትንፋሽም አለ። ሁለታችንም እየሰማነው ነው።

«ደሬ» አለች። «ደሬ፣ ይቅር በለኝ። ተፈራን ያዙብኝ። ይርጋለም ድረስ ሄደው ያዙብኝ። ምትክ ካመጣሽ እንለቀዋለን አሉኝ፣ ሌላ ማንን ላምጣ፣ ማንን አውቃለሁ፣ አንድ ወንድም ነው ያለኝ፣ አንተ ታውቃለህ፣ አንድ ነው ያለኝ...»

የምታናግረው እኔን አልነበረም። አንድ ጊዜ እንኳ ጽጌ አላለችም።

በዚያች ሰዓት በዓይኔ ላይ የመጣው ሹራቡ ነው። እንቁላል በሚቀቅል በአዋሳ ሙቀት፣ ከወንድሜ ሥር ተቀምጣ እየተሳሳቀች የሠራችው ወፍራም የሱፍ ሹራብ። ለሰሜን ብርድ ነበር። እሱ ኮርኒሱ ላይ ሆኖ ቀልድ ሲነግራት፣ እሷ ከሥሩ ሆና ሄዶ የሚለብሰውን ትሠራለች። ቀጥሎ የመጣብኝ ጋሽ ላቀው ናቸው፣ በየጠዋቱ ባርኔጣቸውን አንስተው ሰላም ሲሉኝ። ቀጥሎ ደግሞ እነዚያ ሁሉ ሌሊቶች፣ አንገቴን አቅፋ፣ ይመጣል አይዞሽ፣ ይመጣል ስትለኝ። ወዳጄ፣ የጠላት ዱላ ይሽራል ይባላል። ይኼ አይሽርም።

ከዚያ ትንፋሹ አቆመ። በድንገት አይደለም፣ ሰው ከክፍል ሲወጣ እንደሚርቅ ራቀ። ወይንሸትም ራሷን ቀና አደረገች፣ አፍንጫዋ ላይ የጠረጴዛው ምልክት ታትሟል፣ አየችኝ፣ የሰማሁትን ሁሉ መስማቴን አወቀች። «ጽጌዬ» ብላ እጇን ዘረጋች።

«ተመለሺና ተኚ» አልኳት፣ «ፊልሙ ተበላሽቷል።»

በራሴ እጅ እንደገና አስተካከልኳት። ግንባር፣ አፍንጫ፣ አገጭ፣ ጆሮ፣ ከረጢቶቹ። እጆቼ ሥራቸውን ያውቁ ነበርና ሠሩ፣ እኔ አልነበርኩበትም። ሁለተኛው ፊልም ከነሹሩባዋ ጥላ፣ ጠባቧ ግንባሯ፣ ምንም ስንጥቅ የሌለበት፣ ጤነኛ የወይንሸት ራስ ሆኖ ወጣ።

ሐኪሙ ዘንድ ሁለቱንም ይዤ ሄድኩ፣ ዓይኔ አታሎኝ እንደሆነ ይንገረኝ ብዬ ነው። የወይንሸትን አይቶ ደህና ናት አለና ወደ ጎን አደረገው። የመጀመሪያውን መብራቱ ላይ ሲሰቅል ግን ከወንበሩ ተነሳ፣ በዚያ በተሰባበረ አማርኛው፣ «ይሄ ሰውዬ የት አለ? ብረት አለ፣ ጭንቅላት ውስጥ! ቶሎ፣ ኦፕራሲዮን!» እያለ ኮሪደሩን ወደ ላይ ወደ ታች ያይ ጀመር፣ በሽተኛውን ፍለጋ። ሄዷል አልኩት። ተቆጣኝ፣ እንዴት ለቀቅሽው ብሎ ጮኸብኝ። ፊልሙን ለሌላ ሐኪም ላሳይ ብሎ ወሰደው፣ አልመለሰልኝም፣ ብዙም ሳይቆይ አገሩ ገባ፣ ስለዚህ አሳዪን ብትሉኝ የማሳያችሁ ነገር የለኝም፣ ማመን አለማመን የእናንተ ነው።

ወይንሸት የዚያኑ ቀን ልብሷን በአንሶላ ጠቅልላ ወጣች። አልሰደብኳትም፣ አልከሰስኳትም፣ ለማንስ ነው የምከሳት። ጋሽ ላቀው ቤት ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅኩ፣ «ተነሺ ልጄ፣ ጊዜው ነው እንጂ አንቺ አይደለሽም» አሉኝ። ደርግ ሲወድቅ ከየጦር ሜዳው የተረፉት በየመንገዱ ሲመለሱ፣ እኔም እንደ ሌላው መናኸሪያ ቆሜ ፊት ሁሉ አየሁ። አልመጣም። ሞተ ብሎ ያረዳኝም የለም፣ ስለዚህ እርሙን አላወጣሁም።

አሁን ለሰው ነግሬው የማላውቀውን ልንገራችሁ። ከዚያ ቀን በኋላ አንድ ነገር ውስጤን ይበላኝ ጀመር፣ ለምን እሷ? ከተመለሰ፣ በምንም መንገድ ይሁን ከተመለሰ፣ ያሳደግኩት እኔ፣ በየቀኑ የምጠብቀው እኔ፣ ለምን ወደ እሷ ራስ ሄደ? አንድ ቀን አልቻልኩም፣ የሥራ ባልደረባዬን ራሴን አሞኛል ብዬ፣ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ግንባሬን ደፋሁ፣ አንሺኝ አልኳት። ትንፋሼን ያዝኩ። ጆሮዬን አቁሜ አዳመጥኩ። ፊልሙን ራሴ አጠብኩት፣ ቀዩ መብራት ሥር ጎንበስ ብዬ ጠበቅኩ፣ መጣ፣ የእኔው ግንባር ነው፣ የእኔው አፍንጫ፣ ቀጥ ያለ፣ ሌላ ማንም የለበትም። ያን ቀን እንዳለቀስኩት ሲወስዱትም አላለቀስኩም። እሷ ከዳችኝ፣ እሺ፣ እሱስ?

ዛሬ ሁለታችንም አርጅተናል። ወይንሸት ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ነው ያለችው፣ ተፈራ የሠራላት ቤት ውስጥ ብቻዋን ትኖራለች። እጠይቃታለሁ። አዎ፣ እሄዳለሁ። ሰው ምን ያህል ይቅር ባይ ብትሆን ነው ይላል፣ ይበል። ይቅር አላልኳትም። ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ግንባሯን ነው የማየው፣ እሷም ለምን እንደምመጣ ታውቃለች፣ አንዳንዴ ራሷን ትንሽ ዘንበል አድርጋ የሆነ ነገር እንደሚሰማ ሰው ትሆናለች፣ ከዚያ፣ «ደህና ነው» ትለኛለች፣ ሳልጠይቃት።

ባለፈው ጊዜ ሄጄ ሳንኳኳ በሩን ገርበብ አድርጋ ብቅ አለች። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ጽጌ፣ ዛሬስ ይቅርና ሌላ ቀን ነይ፣ አሁን ገና እንቅልፍ ወሰደው» አለችኝ። እያሾፈችብኝ ይሁን፣ እያዘነችልኝ ይሁን፣ ዛሬም ድረስ አላወቅኩም፤ ዓይኗን ትክ ብዬ አየሁት፣ ምንም አልነገረኝም። ብቻ እመኑኝ፣ ጫማዬን አውልቄ በእጄ ያዝኩና፣ እንዳልቀሰቅሰው እየተጠነቀቅኩ ከግቢው ወጣሁ።